የተወጠረ ሽቦ

የሞተር ሳይክሉ ፍሪሲዮን ተቃጥሏል፤ ከተቀየረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ትናንት ውብሸት የፊልሙን ሁለተኛ ክፍል ከአንዱ ሲኒማ ቤት ወደ ሌላው ሲያደርስ፣ ሞተር ሳይክሉ ራጉኤል ዳገት ላይ ጮኾ ጮኾ አልሄድ አለ። የፊልሙን ቆርቆሮ ተሸክሞ በእግሩ እስኪደርስ አዳራሹ ሙሉ ሲያፏጭ ቆየ። የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ አበራ ጥፋቱን በመካኒኩ በዱባለ ላይ ሲያደርግ ውብሸት አልተከራከረም።

አሁን ውብሸት በዱባለ ጋራዥ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የተፈታውን ፍሪሲዮን ላለማየት የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያዳምጣል።

ዱባለ ዲስኮቹን አንድ በአንድ እያነሳ አሸተተ።

"ጎረቤት ሽሮ ያሳረረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእርስዎ ሞተር ነው፣ ጋሼ ውብሸት።"

"አርጅቷል። ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ሞተር ምን ትጠብቃለህ?"

"ሞተሩ ያርጅ። የፍሪሲዮኑን ሸራ ግን እኔው ነኝ ያስገባሁት።" አንዱን ብረት ወደ ብርሃን አዞረው፤ በግለት ሰማያዊ ሆኗል። "በዕድሜ ያለቀ እንዲህ አይቃጠልም።"

ከዚያ የፍሪሲዮኑን እጀታ በአንድ ጣቱ ነካ አደረገው። ንቅንቅ አላለም።

"እዚህ ጋ ሳንቲም የሚያስገባ ያህል ክፍተት ትቼ ነበር። ከእጀታው የሚወርደው ሽቦ ሁልጊዜ ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይዝም፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማውም። ማነው የወጠረው?"

"መንገዱ ያንገጫግጫል። በዚያ ይሆናል።"

"ሽቦ በመንገድ ሲላላ እንጂ ሲወጠር አይቼ አላውቅም።"

ዱባለ አዲስ ሸራ አስገባ፣ ሞላዎቹን ገጠመ፣ ሽቦውን በልኩ አላላና እጀታውን ወደ ውብሸት አዞረለት።

"እስቲ ይያዙት።"

ውብሸት ያዘ። እጀታው ግማሽ መንገድ መጣና ከጣቶቹ አመለጠ። ግንቦት ላይ ከሞተሩ ከወደቀ ወዲህ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታዘዙትም። ለሚስቱ ለሠርኬ እንኳ አልነገራትም። ጠዋት ጠዋት ሽቦውን ትንሽ ወጠር ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ እጀታውን ነካ ቢያደርገው ይበቃዋል።

ዱባለ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "እና እኔን አስሰደቡኝ።"

"አስሰደብኩህ።"

በሩ ተከፈተና አቶ አበራ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ።

"ዱባለ፣ ሞተሩን ልወስድ ነው። ከእንግዲህ ሌላ ጋራዥ ያየዋል። ቅዳሜ የጃንሆይ ልደት ነው፤ እንደገና እንዲፏጭብኝ አልፈልግም።"

የዱባለ ደንበኛ ግማሹ በዚህ ሰው ቃል የሚመጣ ነው። ዱባለ ውብሸትን አየት አደረገና ጎንበስ ብሎ ብሎን መልቀም ጀመረ።

"የሽቦው ጣጣ ነው፣ ጌታዬ። እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት።"

"ውሸቱን ነው" አለ ውብሸት። "ሽቦውን የወጠርኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ? ለምን?"

ውብሸት እጀታውን ይዞ ጨመቀ። ግማሽ መንገድ መጣ፣ አመለጠ። አንዴ ደገመው።

አቶ አበራ ከእጁ ላይ ዓይኑን አንስቶ ጃንጥላውን ማጠፍ ያዘ። "ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ፣ ጋሼ ውብሸት።"

"ብነግርዎ ያስነዱኝ ነበር?"

ጃንጥላው አልታጠፍ አለ።

"ታዲያ የቅዳሜውን ፊልም ማን ያመጣዋል?" አለ አቶ አበራ በመጨረሻ።

"እጁ የሚጨብጥ ሰው ይፈልጉ። ጋራዡን ግን አይቀይሩ።"

የሞተሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ኮርቻው ላይ አስቀመጠና የካፖርቱን ኮሌታ አቆመ።

"በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?" አለ ዱባለ። "ሻይ ላስመጣ፣ ቁጭ ይበሉ።"

"ቤት። ሠርኬ ከሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገራት።"

ወጣና የቆርቆሮውን በር ከውጭ ገፍቶ ዘጋው።