የአባቴ የሙከራ ለቅሶ

ፉሪ ቤት ሠርቼ የገባሁ ሰሞን ከሁሉ የገረመኝ፣ በሰፈሩ ሰው አለመሞቱ ነው። ሁሉም እንደኔ አዲስ ገቢ፣ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ብሎኬት ሲያስጭን የሚውል። እድሩ ግን ሙሉ ነው፤ ድንኳን በሉ፣ ወንበር በሉ፣ ብረት ድስት በሉ። ድንኳኑ ከተገዛ ጀምሮ ከነላስቲኩ ተቀምጧል።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። አባቴ ኦቦ ደቻሳ እናቴ ከሞተች ወዲህ አገራቸው ተጂ ብቻቸውን ናቸው። አብረውኝ እንዲኖሩ ብለምን፣ ብለማመጥ፣ ለሳምንት መጡና ልባቸው አልረጋ አለ።

“ቀባሪ በሌለኝ አገር አልኖርም” አሉኝ። “እዚህ ማን ያውቀኛል? ብሞት ለቀብሬ የሚመጣው ሲሚንቶ የጫነ መኪና ነው።”

ምሬቴን ለከድሩ ነገርኩት። ከድሩ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ የእድራችን ሊቀመንበርም እሱ ነው። ፊቱ በራ።

“ለዚህ ነው? ተይው ለኔ” አለ።

እሑድ ጠዋት በሬን ስከፍት ጥሩምባ እየተነፋ ደጄ ላይ ድንኳን ይተከላል። ደሜ ፈላ።

“ምን ነካችሁ? አባቴ ቁርሳቸውን እየበሉ ነው” አልኩ።

“ሙከራ ነው፣ ዱርሲ። እንዴት አድርገን እንደምንቀብራቸው ይዩና ልባቸው ይረፍ” አለኝ ከድሩ።

አባቴ ተቀይመው እብስ ይላሉ ብዬ ስፈራ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። “አከም ቡልተን” ብለው ሁሉንም ሰላም አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወዲያው “ያንን ካስማ አጥብቀው፣ ነፋስ ይወስደዋል” እያሉ ማዘዝ ጀመሩ።

ችግሩ ለቅሶው ላይ መጣ፤ አልቃሾቹ ሟቹን አያውቋቸውም። ፀጉር ቤት ያላት ቤተልሄም ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው።

“አባባ፣ ምን ብለን እናልቅስልዎት?”

“በበሬዬ ጀምሪ። እንደ ደቻሳ በሬ የጠመደ ተጂ ላይ አልነበረም በይ።”

“እውነት ነው?”

“ጨምሬበታለሁ። ለቅሶ ላይ ይጨመራል።”

ቤተልሄም ስለ በሬው ሙሾ ስታወርድ ሴቱ ደረቱን ይደቃ ጀመር። ከድሩ እንኳ በሶፍት ዓይኑን ጠረገ። አባቴ “ጎሽ” እያሉ ካዳመጡ በኋላ ወደኔ ዞሩ። እኔ እጄን አጣጥፌ በንዴት ቆሜያለሁ።

“ሰዉ ሁሉ አለቀሰልኝ። አንቺስ?”

“አባዬ፣ ቁጭ ብለው እያዩኝ እንዴት ላልቅስ? አልሞቱም እኮ።”

“ባዳ እያለቀሰልኝ ልጄ የማታለቅስልኝ አገር ምን እሠራለሁ?” ከዘራቸውን አነሱ። “ተጂዬ ይሻለኛል።”

እውነታቸውን ነው። ድንኳኑን አልፈው ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ከኋላ አየኋቸው፤ ትከሻቸው እንዴት ጠቧል። ባዶ ቤት ሊገቡ ነው። አንድ ቀን እደውላለሁ፣ ስልኩ አይነሳም። ማንም ሳያዘኝ፣ ንፍጤ እስኪወርድ ጮኼ አለቀስኩ።

አባቴ ቆሙ። ቀስ ብለው ተመለሱና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

“እንዲህ ነው እንጂ” አሉ። ከዚያ ወደ ከድሩ ዞረው፣ “በል መዝግበኝ። እዚሁ ነው የምሞተው።”

ድንኳን ሙሉ ሰው አጨበጨበ።