የፋርስኛ ካሳ

ሽማግሌዎቹ ካሳ ሲቆርጡ በግ ወይም ጊደር ነው የሚሉት ብላ ሰብለወንጌል ልቧን አዘጋጅታ ነበር። ኤሌኒ ግን ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ፣ «በግ አልፈልግም። ያንን ከዱባይ ያመጣችውን ፋርስኛ ታስተምረኝ። እስካነበው ድረስ» አለች።

ሰብለወንጌል ሳቀች። አባ ሙላቴ ግን አልሳቁም። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ እሳቸው ነበሩ፤ የተበደለ ካሳውን ቢመርጥ ምን ነውር አለው ብለው በዚያው አጸኑት። ትምህርቱም ተንኮል እንዳይገባበት በእሳቸው ደጃፍ፣ በመደቡ ላይ እንዲሆን ቆረጡ።

በደሉ ይህ ነበር። በጎረቤታቸው በፈንታሁን ቤት ክርስትና ላይ ሕፃኑ አስመልሶት ሲያለቅስ፣ ሰብለወንጌል ሰው በተሰበሰበበት ወደ ኤሌኒ እያየች፣ «ከጋፋት የመጣ ዓይን አርፎበት ምን ይሁን ታዲያ!» አለች። የኤሌኒ አያት በጋፋት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። የሠሩትን ማረሻ እየወሰዱ ሰውየውን ቡዳ ማለት የአገሩ የቆየ ነውር ነው፤ ማረሻው ያርሳል፣ ስሙም ይገድላል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ ሳይውል ሳያድር ደብረ ታቦርን አዳረሰ። የእጮኛዋ የደረጄ ወላጆች እጮኝነቱን አፈረሱ። ኤሌኒ ስትገባ ወተት የሚከድኑ ጎረቤቶች በዙ።

ሰብለወንጌል ለምን እንዲያ አለች? ከዱባይ ተባርራ ከተመለሰች ወዲህ የሰው ደስታ አላስችል ይላት ነበር። ሌላ ምክንያት የላትም፤ ቢፈለግም አይገኝ።

በዱባይ ያገለገለችው የፋርስ ቤተሰብ ነበር። የቤቱ ትልቅ ሴት ቢቢ ይባላሉ፤ በደጉ ዘመናቸው አስተማሪ ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ፊደሉን ለሰብለወንጌል አስተማሯት፤ ሲጠፋም እሷ ዓይናቸው ሆነች። ከሰዓት በኋላ ግጥም ታነብላቸዋለች፣ እሳቸውም እጇን ይዘው «ሰብል፣ ልጄ» ይሏታል። ይህ «ልጄ» ማለት ለምራታቸው አልተዋጠላትም። ቢቢ ሐኪም ቤት በተኙበት ሳምንት ሰብለወንጌልን አሳፍራ ወደ አገሯ ሸኘቻት። ሰብለወንጌል ተሰናብታቸው እንኳ አልወጣችም።

አሁን ያው ቤት ሌላ አንባቢ ፈለገ። አሮጊቷ የሰው ንባብ አልጥም እያላቸው ያመጡላቸውን ሁሉ መልሰዋል አሉ። ወሬውን ያመጣችው ደላላዋ የሺ ናት፤ ኤሌኒም የሰማችው ከእሷ ነው። ኤሌኒ ስሟ ከማይታወቅበት አገር መሄድ ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ትምህርቱ በጥላቻ ተጀመረ። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ሰብለወንጌል አንድ ቃል ጻፈችላት፤ «ባራን»፣ ዝናብ ማለት ነው።

«አንብቢ።»

«በ… አ… ረ… አ… ነ።»

«ፊደል ሁሉ በግዕዙ ይነበባል ያለሽ ማን ነው? እዚህ ፊደሉ ድምፁን አብሮ አይሸከምም። ይህ ቀጥ ብሎ የቆመው አሌፍ ነው፤ የፊተኛውን ያስረዝመዋል።»

«አሌፍማ ዳዊት ላይም አለ» አለች ኤሌኒ።

«ዳዊትሽን ቤትሽ ድገሚ! አፍሽን ክፈቺ። ከንፈርሽን ሰብሰብ አርጊው። አም አይደለም፣ ኦም አይደለም፣ መሃላቸው ነው። ትንፋሽሽን አትቁረጪ።»

«ባራን።»

«ቆረጥሽው! እንደ ሽንኩርት ከተፍሽው! ምነው፣ ድምፅም ትሰስቻለሽ?»

«ካንቺ ጋር ቁጭ ብሎ ምን ትንፋሽ ይተርፋል?»

አባ ሙላቴ ከደጃፋቸው ያጉረመርማሉ። «እናንተ ልጆች፣ ፊደል ነው ወይስ ስድብ የምትማማሩት?»

በአማርኛ አናባቢ ድምፅ ቢረዝምም ቢያጥርም ቃሉ ያው ነው፤ በፋርስኛ ግን የሚረዝመው ካልረዘመ ነገሩ ይበላሻል። ኤሌኒ ውላ ውላ አሌፍን ስትይዝ ኢ አስቸገራት፣ ኢን ስትይዝ ኡ ከጉሮሮዋ እየሾለከ አመለጣት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ሰብለወንጌልም አሳስታ ላስተምራት ብላ ያሰበችበት ቀን ነበር። ማን ያውቅባታል? ግን የተሳሳተውን ልትናገር አፏን ስትከፍት ዓይናቸው የጠፋ ቢቢ ጆሯቸውን ቀና አርገው የሚሰሙ እየመሰላት ተወችው። ለኤሌኒ ብላ አይደለም። ለሳቸው ብላ እያንዳንዱን ድምፅ ቀጥ አርጋ አስያዘቻት፤ ሲረዝም ጫፉን ለስለስ አድርጎ መጣልን ጭምር፣ ራሷ እንደምታደርገው።

ለራሷም አንድ ተስፋ ነበራት። ቤተሰቡ ኤሌኒን አስነብቦ በሚፈትንበት ቀን ቢቢ ሲሰሙ፣ «ያቺ ልጄስ የት ናት?» ማለታቸው አይቀርም ብላ ታስብ ነበር። ሌላ ምንም አልተመኘችም። መጠየቃቸውን ብቻ መስማት ፈለገች።

ፈተናው በስልክ ነበር፣ በየሺ ሱቅ። የባጃጁ ጩኸት እንዳይረብሽ በሩን ዘጉት። አባ ሙላቴ በውጭ ቆሙ፤ ሰብለወንጌል ትቀመጥ፣ ቃል ግን እንዳትተነፍስ ብለው ቀድመው አስምለዋታል። የሺ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መጀመሪያ ምራቲቱ ተናገረች። ቀጥሎ የሚያሳልና የደከመ ትንፋሽ መጣ፤ ሰብለወንጌል አወቀችው።

ኤሌኒ አነበበች። ድምፁን ሳትሰስት ዘረጋችው።

«ሰብል?» አሉ ቢቢ። «ይህ የሰብል አነባበብ ነው። ሞታለች ብላችሁኝ አልነበረም?»

ምራቲቱ ተንተባተበች። ቢቢ አላዳመጧትም። «አንቺ ልጅ፣ ማን ነው ያስተማረሽ? ሰብል አለች ወይ?»

ሰብለወንጌል ሞታለች መባሏን ያን ጊዜ ሰማች። ቀብረዋታል። እሷ ግን ከተባረረችበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይጠብቁኛል እያለች ነበር የምታድረው።

ኤሌኒ ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ በዝግታ፣ ማንም ሳያስጠናት፣ «ኡ ኒስት» አለች። እሷ የለችም ማለት ነው። ሁለቱም ድምፅ በልኩ ረዝሟል።

ሰብለወንጌል ልትናገር አፏ ተከፈተ። አንድ ቃል ብትወረውር ቢቢ ይሰማሉ፤ ኤሌኒም ወተት ከሚከድኑት ጎረቤቶቿ ጋር ትቀራለች። መሐላው አልነበረም የያዛት። ይህ ምላስ ይህችን ልጅ አንድ ጊዜ ገድሏታል፤ ሁለተኛ ሊገድላት መሆኑ ታወቃትና አፏን ገጠመች።

ቢቢ ሲያለቅሱ ተሰማ። ቆይተው፣ «እንግዲያስ አንቺ አንብቢልኝ» አሉ። ኤሌኒም አነበበች።

ስልኩ ሲዘጋ የሺ እልል አለች፤ የጉዞውን ነገር ልታሰናዳ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ምነው አመድ መሰልሽ?» አለች ኤሌኒ። «አንቺ ስትገድይኝ እንኳ ቤት ሙሉ ሰው ነበር። እኔስ የገደልሁሽ እዚህ በተዘጋ ሱቅ ነው።»

«ያቺ አሮጊት ምን በደለችሽ?»

«እሷማ ምንም። አነብላታለሁ፣ እጦራታለሁ። ካንቺ የተማርሁትን አንድም ሳላጎድል።» ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ከፈተችው።

አባ ሙላቴ ከውጭ አንገታቸውን አስገቡ። «እህ፣ ልጄ ሰብለወንጌል? ካሳው ተከፈለ ልበል?»

«ተከፍሏል አባ። ተረፈ እንጂ አልጎደለም።»

ሽማግሌው የእርቅ ቃል መሰላቸውና ደስ አላቸው። ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁመው፣ ቂሙን ያጥፋላችሁ፣ አንደበታችሁን ይባርከው ብለው መረቁ። ኤሌኒ አሜን አለች። ሰብለወንጌልም አሜን ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።