በጠመኔ የተሳለው መርከብ

ባሌ እምቢ ማለት አያውቅም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ስሙን ትተው «ጋሽ እሺታ» ነው የሚሉት። የቤቴ በር ዘመመ ሲሉት እሺ፣ ወንበሬ ተሰበረ ሲሉት እሺ፣ አልጋዬን ሦስተኛ ፎቅ አውጣልኝ ሲሉት እሺ። አናጺ ነው፤ እርሳሱ ከጆሮው፣ ሜትሩ ከኪሱ አይለይም። ስቆጣው «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይለኛል። ይህን የተረተው ሰውዬ ሚስት አልነበረችውም መሰለኝ።

በተጋባን በሳምንታችን የአጎቱ ልጅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። «ለሦስት ቀን ብቻ» አለ። እሺ ተባለ፤ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እሱ ወጣ ስንል የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደች፤ ከዚያ ሦስት ወንድሞቿ፣ ከዚያ እናታቸው የሞተችባቸው የወንድሙ ልጆች። እኔ ደግሞ ቀን ቀን መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አፍንጫ ጠረግሁ፣ የጫማ ማሰሪያ አሰርሁ፣ «ቲቸር፣ እሱ መታኝ» የሚል ክስ ሰማሁ። ልጅ አልወድም ብል ውሸቴን ነው። ግን በአርባ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሰውዬ ጋር ለብቻችን ቁርስ የበላንባቸውን ቀኖች ብቆጥር የእጄ ጣቶች ይተርፋሉ።

ስለዚህ ጡረታ በወጣሁ ማግሥት ቁርጡን ነገርኩት።

«በመርከብ ሽርሽር እንሄዳለን። ዐሥራ ሁለት ቀን። አንተና እኔ ብቻ። ልጅ የማይሳፈርበት መርከብ ላይ።»

«እሺ» አለ።

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስታዬ ቀዘቀዘ። የእሱ እሺ ለመጣ ለሄደው ሁሉ የምትታደል ናት።

የጉዞ ወኪሏ ቢሮ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ከብሮሸር በስተቀር እጅ የሚያሳርፉበት ቦታ የለም። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣

«እናቴ፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ» አለችኝ። «ለአዋቂዎች የሚል ማስታወቂያ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ መርከብ ልጅ ጭራሽ አያሳፍርም። አንዳንዱ ግን ለአዋቂዎች አንድ መዋኛ ይከልልና ልጆቹ ከግድግዳው ማዶ ይሆናሉ።»

«ግድግዳ ልጅ አይዝም» አልኳት። «እኔን ጠይቂኝ።»

ሳቀችና ልጅ የማያሳፍሩትን ሦስት መረጠችልኝ። የመጀመሪያው ግዙፍ ነው፤ ቲያትር ቤት አለው፣ ስድስት ዓይነት ምግብ ቤት አለው። ሁለተኛው የባለጸጎች ነው፤ ለራት ከረባት ይታሰራል፣ በሰዓቱ ይቀረባል፣ ስምንት ስምንት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል። ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ ከሁለት መቶ ሰው በታች ይይዛል፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ሲርብህ ትበላለህ። ሦስቱንም ብሮሸር በቦርሳዬ ከትቼ ተመለስኩ። በማግሥቱ የጉልበቴን መድኃኒት ልገዛ ብወጣ፣ ያቺ ደግ የጉዞ ወኪል ቁጥራችንን ለመርከቦቹ ሰጥታ ኖሮ ስልኩን ያነሳው እሱ ነው።

«ማን ደወለ?» አልኩት ስመለስ።

«የመርከቡ ሰዎች።»

«የትኛው መርከብ?»

«ሦስቱም።»

«እና ምን አልካቸው?»

እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አየውና መልሶ ሰካው። አርባ ዓመት የማውቀው ምልክት ነው፤ ጥፋት ሲኖርበት እርሳስ ያያል።

«በጣም ደግ ሰዎች ናቸው» አለ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የኔ ባል ግን በአንድ ቀን ሦስት መርከብ ላይ ወጣ። በሦስቱም ላይ በስማችን ክፍል ተይዟል፤ እስከ ሰኞ ቀትር ካልሰረዝን ይጸናል ተብሏል።

ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት፣ ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አልነበረምና። ሁሉን እሺ የሚል ባል ይዤ መርከብ ላይ ብወጣ ያው ቤቴን ከነእንግዳው ተሸክሜ መሄዴ ነው።

«ስማኝ» አልኩት። «እኔ ለማንም አልደውልም። አንዱን አብረን እንመርጣለን፤ ለሁለቱ አንተ በራስህ አፍ እምቢ ትላለህ። ካላልክ እኔ እዚሁ ነኝ፣ አንተ ከፈለግህ በሦስቱም ሂድ።»

እሺ ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። «እንግዲህ ሳልለካው የምመርጠው ነገር የለም» አለ።

ሶፋውን ገፍቶ ከግድግዳ አስጠጋ፣ ምንጣፉን ጠቀለለ። እኔ ከትምህርት ቤት ተሰናብቼ ስወጣ ልጆቹ የሰጡኝን ባለቀለም ጠመኔ አወጣሁለት። አናጺዎች ትልቅ ሥራ ሲሆንባቸው መሬት ላይ በልኩ ይስሉታል፤ ወረቀት ይዋሻል፣ ወለል ግን አይዋሽም ይላል እሱ። በጉልበቱ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን መርከብ ክፍል በነጭ ጠመኔ ሳለ፤ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ መታጠቢያውን። ከዚያ ብሮሸሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ሌቦች!» አለ።

«ምነው?»

«በረንዳውን ከክፍሉ ጋር ደምረውታል!»

የተጣመመ ጣውላ የሸጡለት ይመስል ፊቱ ቀላ። ያ ግዙፍ መርከብ በዚያው ሰዓት ከልቡ ወጣ።

ሁለተኛው በሰማያዊ ተሳለ። እውነቱን ለመናገር ሰፊ ነው፤ ገላ መታጠቢያው ብቻ የኛን ወጥ ቤት ያክላል። ምቾቱ ምራቄን አስዋጠኝ። ግን ያ የስምንት ሰው ጠረጴዛ አለ። እኔ ባሌን አውቀዋለሁ፤ በሁለተኛው ቀን የአንዱን ሻንጣ ማጠፊያ ይጠግናል፣ በአራተኛው ቀን የካፒቴኑን መሳቢያ ይልጋል፣ በሰባተኛው ቀን እኔ ከሰባት ሚስቶች ጋር ቁጭ ብዬ የእሱን ደግነት ሲያወሩልኝ እውላለሁ።

ሦስተኛውን በሮዝ ጠመኔ ሲስል አንጀቴን በላው፤ ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ሳሎኑ መሃል ጠፋ። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር የሁለት ሰው ጠረጴዛ። ሁለት ወንበር አምጥተን መስመሩ ውስጥ ገባን። ስንቀመጥ ጉልበታችን ተነካካ።

«ይጠባል» አልኩ።

«ስንጋባ የተከራየናት ክፍል ከዚህ ታንስ ነበር።»

«ታስታውሳታለህ?»

«ሰባት ቀን ነው የኖርንባት» አለ፤ ማለቱ ብቻችንን። «ሰባቱንም አስታውሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ዘንቦ አልወጣንም።»

ይሄ ሰውዬ ይህን ሁሉ ዘመን ቀኖቹን እየቆጠረ ኖሯል። እጄን ጉልበቱ ላይ አደረግሁ፣ እሱም አላነሳውም። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

ከጠመኔው መስመር ወጥቶ አነሳው። ትልቋ ልጃችን ናት። ከወዲያ በኩል ብዙ ወሬ ይሰማል፣ ከወዲህ በኩል አንድ ቃል ብቻ፦ «እሺ ልጄ። እሺ። እሺ።» ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ እርሳሱን እያየ ነበር።

«እሁድ ትመጣለች» አለ። «ሌላ መርከብ አግኝታለች። ለቤተሰብ የሚሆን።»

እኔም ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ ዝም አይነቅዝም።

እሁድ ልጄ መንትዮቿን ይዛ መጣች። ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ሁለቱም ወንድ፣ ሁለቱም መሬት የማይነኩ። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ ደክሟታል። ቀኑን ሙሉ ባንክ መስኮት ላይ ቆማ ትውላለች፣ ማታ ደግሞ እነዚህ ይጠብቋታል። ብሮሸሩን ስትዘረጋው ዓይኗ በራ።

«አባዬ፣ እማዬ፣ እዩት! እኔና ባሌ አንድ ክፍል፣ እናንተና መንትዮቹ ከጎናችን። እናንተም ትዝናናላችሁ፣ እኛም እንተኛለን።»

«አባትሽን ጠይቂው» አልኩና ከሶፋው ጥግ ተቀመጥኩ።

እሱ አረንጓዴ ጠመኔ አነሳ። ተንበርክኮ አራተኛውን ክፍል ሳለ። አራት አልጋ አለው፤ ሁለቱ ከታች ግራና ቀኝ ግድግዳ ይዘው፣ ሁለቱ ከላያቸው። መንትዮቹ ወዲያው መስመሩ ውስጥ ዘለው ገብተው መዋኘት ጀመሩ።

«እነሱ የት ይተኛሉ?» አላት።

«ከላይ።»

«እኔስ?»

«ከታች፣ በዚህ በኩል።»

«እናትሽስ?»

«ከታች፣ በዚያ በኩል ነዋ።»

ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ከአንዱ አልጋ ጠርዝ እስከ ሌላው ዘረጋው። ጎንበስ ብሎ አነበበና ቀና አለ።

«አንድ ሜትር ከዐሥር» አለ።

«ጥሩ አይደለም እንዴ? ሰፊ መተላለፊያ ነው።»

«ከእናትሽ አንድ ሜትር ከዐሥር» አለ እንደገና፣ እያየኝ። እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። እሱ ግን ሳያየው ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እምቢ» አለ።

ድምፁ ብዙ ዘመን እንዳልተከፈተ በር ተንጫረረ። መንትዮቹ እንኳ መዋኘት አቆሙ።

«ምን አልክ አባዬ?»

«እምቢ አልኩ፣ ልጄ። ከእናትሽ ጋር ሁለታችን ነን የምንሄደው። ስንመለስ መንትዮቹን አንድ ሳምንት እንይዝልሻለን፣ እናንተ ትተኛላችሁ። አሁን ግን እምቢ።»

«አያቴ እምቢ አለ!» ብሎ ጮኸ አንደኛው። «እንደኛ!» አለ ሌላው፣ የማኅበራቸው አባል የሆነላቸው ይመስል።

ልጄ እሱን አየች፣ እኔን አየች። እኔ እንደ ሞኝ እንባዬ ይወርዳል። ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«ሞተር ብስክሌት ልግዛ ስልህ እሺ ያልክ ሰውዬ!» አለችው። «እምቢ ማለት የነበረብህ ያኔ ነበር!»

«ያኔ አልቻልኩበትም» አለ።

ሰኞ ጠዋት የሚናገረውን ቁራጭ ጣውላ ላይ ጻፈ፦ «ይቅርታ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል።» መስተዋት ፊት ሦስቴ ተለማመደው። መጀመሪያ ለግዙፉ መርከብ ደወለ። ሻጯ ግን በቀላሉ የምትለቅ አልሆነችም፤ የተሻለ ክፍል፣ ሰፊ በረንዳ ልስጥዎ አለችው። ጣውላውን አየ፣ ጽሑፉ ለዚህ አይሆንም።

«በረንዳውንማ ከክፍሉ ጋር ደምራችሁታል፣ እመቤት» አላት። ሻጯም ስረዛውን መዘገበች።

በሁለተኛው ላይ ጣውላውን አላነሳውም። ሰውየው ከካፒቴኑ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላስቀምጣችሁ፣ ይህ ክብር ለሁሉ አይሰጥም ብሎ ለመነው።

«አመሰግናለሁ» አለ ባሌ። «እኔ ግን ከሚስቴ ጋር ነው የምበላው።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለሦስተኛው መርከብ ሲደውል አንድ እሺ አላቸው፤ ያቺ እሺ የኔ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ መንትዮቹ የረገጡትን የሮዝ መስመር ደግሞ አደመቀው። ትንሿን ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር አድርገን ሻይ ይዘን ተቀመጥን፤ ጉልበታችን እንደገና ተነካካ። ስለ ሰባቱ ቀን እያወራን፣ አምስተኛው ቀን ላይ ስንደርስ፣ በሩ ተንኳኳ።

«ጋሽ እሺታ!» አለች ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን። «ጋሽ እሺታ፣ የቁም ሣጥኔ በር ወለቀብኝ!»

አየሁት። ሻዬን ቀዳልኝ።

«ሰው እያንኳኳ ነው» አልኩት።

«ነገ እመለከትላታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ባሕር ላይ ነን።»