የማርዲ ትኋን

ዊልማ ሃስኬት በካንሳስ አንድ ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ የአፈር ትኋኖችን አንድ ወገን እንደ አዲስ ስትመድብ ሦስት ዓመቷ ነው። ጥቁርና አብረቅራቂ ናቸው፤ በእሾሃም እግራቸው አፈር ይቆፍራሉ። ከወገኑ አሥራ ሁለት ዝርያዎች የቀራት አንድ ብቻ ነበር፤ ሟቹ መምህሯ ኦርቪል ፕሬንቲስ ወንዝ በወሰዳት ልጃቸው በማርዲ ስም የሰየሙት። ከዚህ ዝርያ በዓለም ላይ ያለው አንድ ትኋን ብቻ ነው። የዝርያው ምስክር መሆኑን የሚያሳይ ቀይ ወረቀት ካለበት ስፒል ላይ ተሰክቶ መሳቢያ ውስጥ ይኖራል።

መሳቢያውን በሳበች ቁጥር የትኋን ሽታ ይመጣል። ሃምሳ ዓመት የደረቀ ትኋን እንደማይሸት ታውቃለች። ይሸታታል ግን።

ሰኞ ዕለት በማይክሮስኮፕ ስታየው አንገቱ ላይ ቢጫ የሙጫ ክር አገኘች። ጭንቅላቱ የሌላ ዝርያ ነው፤ አካሉ በየማሳው የሚርመሰመሰው ተራ የአፈር ትኋን። የማርዲ ትኋን የሚባል ኖሮ አያውቅም። ይህን ከጻፈች የልጅቷ ስም ከዝርያዎቹ ተራ ይወጣል። ሁለት ቀን ብዕር አላነሳችም።

ረቡዕ የመምህሯ ሚስት ሃዝል መጡ። ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸው በሞተችበት ቀን በየዓመቱ ትኋኑን ሊያዩ ይመጣሉ።

«አንቺም እንደ ባሌ ትኋን ትኋን እየሸተትሽ ልታረጂ ነው?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«እርስዎንም ይሸትዎታል?»

«አንድ አልጋ ላይ አብሬው አርጅቼ እንዴት አይሸተኝ?»

ዊልማ ያየችውን እየተንተባተበች ነገረቻቸው። አሮጊቷ አልደነገጡም። ከስፒሉ ግርጌ ያለውን ሌላ የታጠፈ ወረቀት አንብባው እንደሆነ ጠየቋት። አላነበበችውም፤ የዝርያ ምስክር የሆነን ትኋን እንዳይሰበር ማንም ወረቀቱን አይነካካም። በወረንጦ ቀስ አድርጋ ገለጠችው። የመምህሯ የእርሳስ ጽሑፍ ነበር፦ «ማርዲ ስትይዘው ጭንቅላቱ ተቆረጠ። አለቀሰችብኝ። ሌላ አጣበቅሁላት። ስም የሰጠሁት ከቀበርናት በኋላ ነው።»

«ዘንድሮ እናገራለሁ፣ ዘንድሮ እናገራለሁ እንዳለ ሞተ» አሉ ሃዝል። «ልጄ በውሸት ላይ ተኝታ እንዴት ታርፋለች? አንቺ ጻፊልኝ።»

ዊልማ ስሙ እንደማይፋቅ ነገረቻቸው፤ በዝርያ ስያሜ ደንብ መሠረት የተሰጠ ስም፣ ስህተትም ቢሆን፣ በተራው ትኋን ስም ሥር ተጽፎ ይኖራል።

«ከሥር?»

«ከሥር፣ እማማ።»

«ይሁን። እሷም አፈር መቆፈር ትወድ ነበር።»

ከሸኘቻቸው በኋላ የማርዲን ስም በተራው ትኋን ስም ሥር በአንድ መስመር ጻፈች። ትኋኑን ልትመልስ መሳቢያውን ሳበች። ሽታው የለም። ጎንበስ ብላ ደጋግማ አሸተተች፤ ከዚያ ክፍቱን መሳቢያ ይዛ፣ ሰው ጥሏት የሄደ ይመስል፣ እዚያው ቆመች።