የዕድሩ ድንኳን

ወንድምአገኝ በአይሱዙ ተገጭቶ በሞተ በአራተኛው ቀን የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያነሱ መጡ። ሚስቱ አረጋሽ ደጃፏ ላይ ቆማ ካስማውን ለመንቀል ሲጎነበሱ አየቻቸው። ከቀብሩ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም፤ ሴቶቹ በየጥጉ «ልቧ ድንጋይ ሆነ እንዴ?» ይባባሉ ነበር። ለራሷም ያዘነች አይመስላትም፤ ምንም አይመስላትም።

«ይቆይ» አለች።

የዕድሩ ዳኛ አቶ መኳንንት ያልሰሟት መስሏት ደገመች። «ድንኳኑ ይቆይ፣ ጋሼ መኳንንት።»

«ልጄ፣ ደንቡ ሦስት ቀን ነው እኮ።»

«መኪኖቹ ቀስ የሚሉት ለድንኳኑ ነው።»

ሰውየው ወደ መንገዱ ዞሩ። እውነቷን ነው። ጥድ አፋፍ ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር የተሰለፈች ሰፈር ናት፤ አስፋልቱ የሚያልፈው በየሰው ደጃፍ ነው። አስፋልት ይምጣልን ብለው ለዓመታት የጮኹት ራሳቸው ናቸው፤ ከመጣ ወዲህ ግን ሾፌሩ ሁሉ ቁልቁለቱን ሲያገኝ ጎማው መሬት አይነካም። መኪና የሚያዘገይ ጉብታ ይሠራልን ብለው ማመልከቻ ቢያስገቡ «በዕቅድ ይያዛል» ተባሉ። ላም አለኝ በሰማይ። ወንድምአገኝ ከተቀበረ በኋላ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡና አስፋልቱን ለክተው ሄዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ለሐዘን ቤት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዚያ መንገድ ሾፌር ፈጣሪን ባይፈራ ድንኳን ይፈራል፤ ዘፈኑን ያጠፋል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል። በእነዚያ ሦስት ቀናት መኪናው ሁሉ እንደ እርጉዝ ላም እየተጎተተ ነበር የሚያልፈው። ሰው ስለ ባሏ ደግነት ሲያወራ አረጋሽ ፍራሹ ላይ ሆና የመኪና ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ልጇ ጽናት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ አባቷ የሞተውም እሷን አሻግሮ ሲመለስ ነው።

አቶ መኳንንት የያዙትን ካስማ ለቀቁ።

«ያለን አንድ ድንኳን ነው» አሉ። «ሌላ ሰው እስኪሞት ይቁም። ሰው ሲሞት ግን…»

«ሲሞት ትወስዱታላችሁ።»

እንዲህ ሆኖ ድንኳኑ ቆመ። ውስጡ ማንም የለም። ጽናት ጠዋት ትሻገራለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች፤ መኪኖቹም ላልተቀመጠ ለቀስተኛ ቀስ ይላሉ። ሰፈሩ ሳይመካከር አንድ ጸሎት ያዘ፤ ሰው እንዳይሞት። የእማሆይ ወለተጊዮርጊስ ሳል በጠና ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ዞር ብሎ አይቷቸው የማያውቅ ጎረቤት ሁሉ አጥሚት ይዞ ይመላለስ ጀመር። እማሆይም ነገሩ ገብቷቸው «ለእኔ ነው ወይስ ለድንኳኑ?» ብለው ሳቁ።

አረጋሽም ሄዳለች። አጥሚቱን በማንኪያ እያጠጣቻቸው «ምነው ባይሞቱብኝ» ብላ አሰበች፤ ለእሳቸው ብላ እንዳልሆነም አወቀች። አፈረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ይህ ኀፍረት ነበር።

እማሆይ ወንድምአገኝ በሞተ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ዐረፉ። አቶ መኳንንት ሲመጡ ቀና ብለው ሊያዩአት አልቻሉም።

«የእማሆይ ቤት ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ ለሾፌር አይታይም» አሉ።

«አውቃለሁ» አለች አረጋሽ፤ ካስማውንም አብራ ነቀለች።

ሰኞ ጠዋት መኪኖቹ እንደ ድሯቸው ሆኑ። የመጀመሪያው አይሱዙ ሲያልፍ ነፋሱ የጽናትን ቀሚስ አነሳው። አረጋሽ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ቤት መለሰቻት። ከዚያ የሐዘን ፍራሹን ጎትታ አወጣችና ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ዘረጋችው፤ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ወደ እማሆይ ለቅሶ የሚሄዱ ሴቶች አዩዋት። አንዷ ምንም ሳትጠይቅ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ሌላዋም ተከተለች፤ ስድስት ሆኑ።

ቁልቁል ሲምዘገዘግ የመጣ ሚኒባስ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች ሲያይ ፍሬን ያዘ፤ ዘፈኑም ጠፋ። አረጋሽ ወደ ቤት ዞራ ልጇን ጠራቻት። ጽናት ደብተሮቿን አቅፋ ወጣችና ከቆመው መኪና ፊት ተሻገረች።

ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናችሁ፣ እናቶቼ። ማን ሞቶባችሁ ነው?»

አረጋሽ ልጇ በትምህርት ቤቱ በር እስክትገባ ጠበቀች።

«ገና አልሞተችም» አለች በአገጯ ወደ በሩ እያመለከተች። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።