አሥራ ዘጠኙ ታጎች

የሚኒሶታ ክረምት ከባድ ነበር። በጥር ሦስት ሳምንት ሙሉ ብርዱ ጋብ አላለም። ኒው ሆፕ ከተማ ያለው የብሎን ፋብሪካ አሥራ አንድ ሰው ቀነሰ። ጭነት ተቀባዩ እሸቴ ከቅነሳው ተረፈ፤ የሥራ ሰዓቱ ግን በግማሽ ወረደ።

የካቲት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቶኩማ ከሀምቡርግ ደወለ። የናይሮቢ የስደት ጓደኛው ነው፤ አሁን ከዚሁ ፋብሪካ ብሎን እየገዛ ጀርመን የሚያስገባ ትንሽ አስመጪ ሆኗል።

"በአዲሱ የአውሮፓ የካርቦን ቀረጥ፣ ብረቱ የት እና በምን እንደቀለጠ ማስረጃ ካላመጣሁ ጉምሩክ በከፍተኛው ግምት ያስከፍለኛል። ሱቄ ይዘጋል፣ እሸቴ።"

"ማስረጃው እኔ ዘንድ አለ።"

ብሎን የሚሠራበት ሽቦ በጥቅል ሲመጣ መለያ የቆርቆሮ ታግ ይታሰርበታል። ያቀለጠው ፋብሪካ ስምና ቁጥር ተመቶበታል። ሌላው ሠራተኛ ይጥለዋል፤ እሸቴ ግን ክር ላይ እየሰካ ያኖረዋል። "የእሸቴ መቁጠሪያ" እያሉ ይስቁበት ነበር። ልውሰደው ወይ ብሎ አለቃውን ሲጠይቀው "ውሰደው፣ ቆሻሻ ነው" አለው።

ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ታግ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ልጁ ሊና ቁጥሮቹን በኮምፒውተር ቼክ አደረገች። አብዛኛው ከቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ የቀለጠ፣ ቀረጡ ትንሽ የሆነ ነበር።

"ዳዲ፣ እነዚህ ባድ ናቸው። ከባሕር ማዶ፣ በድንጋይ ከሰል።"

"ስንት ናቸው?"

"ናይንቲን።"

እሸቴ ለቶኩማ ደውሎ ነገረው።

"ተዋቸው በቃ! በሌሎቹ ቁጥር ሙላው። ማን ይቆጥራል?"

"አጣሪ ይቆጥራል።"

"ኧረ አንተ ሰው፣ ሚኒሶታ አደረቀችህ እንዴ?"

"ናይሮቢ፣ ያልወለድኩትን ልጅ የስደተኛ ቅጹ ላይ ላስገባ ስል ትዝ ይልሃል?"

"የድሮውን አሁን ምን አመጣው?"

"እስክሪብቶውን ከእጄ ነጠቅከኝ። ሳምንት ኮረፍኩህ። የዋሹት ፋይላቸው ተዘጋ፤ እኔ አሜሪካ ገባሁ። እስከ ዛሬ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኩህም።"

"እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።"

"ሊና አስልታዋለች" አለ እሸቴ። "አሥራ ዘጠኙ ገብቶም ቀረጡ ከከፍተኛው ግምት በግማሽ ያንሳል። ሱቅህ አይዘጋም። ትርፍህ ግን ይሳሳል።"

"ቀላል አደረግከው! የዓመት ትርፌ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ።"

ቶኩማ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።

እሸቴ አሥራ ዘጠኙን ታጎች አንድ በአንድ ከሌሎቹ ጋር መልሶ ክሩ ላይ ሰካ።

"ሁሉንም ዝርዝሩ ውስጥ አስገቢና ላኪለት" አላት ልጁን።

"ሂ ኢዝ ማድ፣ ዳዲ።"

"ሳምንት ይኮርፋል" አለ እሸቴ፣ ክሩን እየቋጠረ። "ከዚያ በኋላ እኩል ነን።"