ሦስትም፣ ነጌቲቭ ሦስትም

«በኤክስ ቦታ ሦስትን ብተካ ይሠራል!» አለች የመድኃኒት ቤት ሻጯ፣ ወረቀቱን በእርሳሷ እየመታች። ጥያቄው «ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል ወይ?» ይላል፤ የተሰጠው መረጃ ኤክስ በራሱ ሲባዛ ዘጠኝ እንደሚሆንና ከአምስት እንደሚያንስ ነው። «ሦስት በሦስት ዘጠኝ። ሦስት ደግሞ ከአምስት ያንሳል። ስለዚህ ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል፣ መረጃው በቂ ነው። አለቀ!»

«አለቀልሽ በይ እንጂ» አለ ካልኩሌተር።

ካልኩሌተር የሚሉት የመድኃኒት ቤቱን ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ በስሙ የሚጠራው የለም። ሁለቱም የአስተዳደር ትምህርት መግቢያ ፈተና ሊፈተኑ መጥተው አዳራሹ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ሊከፈት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

ፈተናው ደግሞ ጣጣኛ ነው። መልሱን ፈልጊ ቢላት እሷም ከማንም አታንስም ነበር። ይሄኛው ግን አንድ ጥያቄና ሁለት መረጃ ይሰጥና «መልሱን ለማወቅ ይህ ይበቃል ወይ?» ይላል። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም። ዛሬ ካለፈች አሥራ አንድ ዓመት ከቆመችበት ባንኮኒ ትገላገላለች፤ ካላለፈች እዚያው ታረጃለች።

«ነጌቲቭ ሦስትንም ሞክሪያት እስቲ» አላት። «በራሷ ስትባዛ ዘጠኝ ናት። ከአምስትም ታንሳለች። አሁን ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል?»

«አይበልጥም።»

«አየሽ? አንዱ ቁጥር አዎ፣ ሌላው አይደለም ካለሽ መረጃው አይበቃም። አንቺ የምትወጂውን ቁጥር ብቻ ነው የምታስገቢው። የምትጠይውንም አስገቢ እንጂ፣ እህቴ!»

«እሺ በቃ፣ አትጩህብኝ!»

ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሳች። ከጠዋት ጀምሮ ልቧ አልረጋም። ሁልጊዜ ቀድሟት የሚነሳው አባቷ ዛሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ትንሽ ልተኛ» ብሏታል። የልብ ሕመምተኛ ነው። አላስቻላትም፤ ደወለች።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ደረትህን አላመመህም?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ! ይልቅ ፈተናሽን በርትተሽ ሥሪ። በይ ዝጊው፣ ሐሳብሽን አልበትንብሽ።»

«ምን አለ?» አለ ካልኩሌተር።

«ደህና ነኝ አለ።»

«ተመስገን! በይ ነይ፣ በሩ ተከፈተ። አንዴ ከተዘጋ ማንንም አያስገቡም።»

ተሰለፉ። ሰልፉ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ እሷም አብራ ሄደች። ደህና ቢሆን ምን ይላታል? ደህና ነኝ። ይህቺን መልስ ወደደቻት። ባይሆንስ? የዛሬ ሁለት ዓመት መታጠቢያ ቤት ወድቆ ስታገኘው፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ላብ አጥምቆት፣ ምን ነበር ያላት?

ደህና ነኝ ነው ያላት።

ስልኳን አውጥታ እንደገና ደወለች።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለ አባቷ።

«አባዬ፣ ላስቸግርህ። ሬዲዮኑን ክፈተውና ድምፁን ልስማው።»

ሬዲዮኑ መስኮቱ ሥር ነው፣ ከአልጋው አራት እርምጃ ቢሆን ነው።

«ምን ያደርግልሻል?»

«እንዲሁ። ስለ እኔ ብለህ።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። አልጋው እንደገና ተንቋቋ። ሬዲዮ የለም።

«ባትሪው... ያለቀ መሰለኝ» አላት።

ያ ሬዲዮ ከተገዛ ጀምሮ ባትሪ ገብቶበት አያውቅም፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው።

«የኔ እህት፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?» አለ ዘበኛው በሩን ይዞ። ከኋላዋ ያሉት ማጉረምረም ጀምረዋል። ወደ አዳራሹ አየች፤ ወንበሮቹ በመስመር ተደርድረዋል፣ አንዱ የእሷ ነው።

«አባዬ፣ እንዳትነሳ» አለች። «ጎረቤታችንን አሁኑኑ እልክልሃለሁ። እኔም መጣሁ።»

«ፈተናውስ?»

«ይቅር።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ እያስጠናት፣ እያበረታታት፣ ከእሷ ብሶ ሲጓጓ የኖረው እሱ ነው። ድምፁ ከሩቅ መጣ።

«ቶሎ ነይ» አላት።

እርሳሷን ካልኩሌተር ኪስ ውስጥ ሻጥ አድርጋለት ከሰልፉ ወጣች፤ የጎረቤቷን ቁጥር እየደወለች ወደ መንገዱ ሮጠች።